ፋረምሲሳ ገባ፤ ጎማው ቀረ

በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ፣ ኤረር ላይ ማሽላ የሚዘራ ሰው ጠላቱን በስም ያውቀዋል። ፋረምሲሳ ይለዋል። ጥቃቅን ነጭ አበባ ያለው አረም ነው። ዝናብ ጠብ ባለ በሳምንቱ ማሳውን ቀድሞ ይይዛል። ከብት አይወደውም፤ ላም ርቧት ከበላችው ወተቷ ይመራል። በባዶ እጁ ሲነቅለው የዋለ ገበሬ ቆዳው ያሳክከዋል፣ ይቆጣል። አንዱ እግር አረም ብቻውን ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊበትን ይችላል። ከኤረር የባቡር ሐዲድ ዳር እስከ ድሬዳዋ፣ ከባቢሌ እስከ ጅግጅጋ ሜዳ፣ ግጦሹን ከበጉና ከላሙ አፍ የነጠቀው እርሱ ነው።

ተመራማሪዎች ፓርቴኒየም ይሉታል። አገሩ ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው። ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ የገባው በድርቅ ዘመን ከእርዳታ ስንዴ ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ ይታመናል። ማንም አልጠራውም። በር ላይ ቆሞ የመለሰውም አልነበረም።

ይህ አረም እህት አለችው። ያገሩ ልጅ፣ የዚያው የፓርቴኒየም ወገን። ስሟ ጓዩሌ ነው። ከሰው ወገብ ብዙም የማታልፍ፣ ቅጠሏ አመድማ ብር የሚመስል፣ ድርቅ የለመደች ቁጥቋጦ ናት። ግንዷና ቅርንጫፏ ውስጥ ጎማ ታጠራቅማለች። እውነተኛ የተፈጥሮ ጎማ። የመኪና እግር የሚሆን፣ የሐኪም ጓንት የሚሆን። ከሁለቱ እህትማማቾች ክፉዋ ሳትጠራ መጥታ መሬታችንን ወረሰች። እንጀራ የምታበላው ግን ቀረች። በኤረር ማሳ ላይ ዛሬ የምትታየው አንዷ ብቻ ናት። እንዴት አይቆጨን?

ጓዩሌ ትናንት የተሰማች ወሬ ብትሆን ምክንያት በኖረን። አይደለችም። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ሰሜን ሜክሲኮ ውስጥ ፋብሪካዎች ቁጥቋጦዋን እየፈጩ ጎማ ወደ አሜሪካ ይልኩ ነበር። ከዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ማላያን ስትይዝ አሜሪካ ከምታስገባው የተፈጥሮ ጎማ ከመቶ ዘጠናው በላይ በአንድ ጊዜ ተቋረጠባት። ምን አደረጉ? እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ1942 ከአንድ ሺህ በላይ የሳይንስና የቴክኒክ ሰዎች አሰልፈው ወደ 13 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት ላይ ጓዩሌን ተከሉ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው ሰው ሠራሽ ጎማ ደረሰና ማሳውን ገልብጠው አቃጠሉት። እነርሱም አባከኑ ማለት ነው። ግን መዝገቡን አልጣሉትም። ዘሩንም አልጣሉትም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲሰቀል መዝገቡ እንደገና ተከፈተ። የሰው ሠራሹ ጎማ እናት ነዳጅ ናትና። እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ጥቅማቸው ያልተነካ የሞቃት አገር ተክሎችን ዘርዝሮ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ጓዩሌ እዚያ ውስጥ አለች። መጽሐፉ የተጻፈው ለማን መሰላችሁ? በመልማት ላይ ላሉ አገሮች ነው። ለእኛ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ይኸው አካዳሚ ስለ ጓዩሌ ብቻ ራሱን የቻለ ሌላ መጽሐፍ አሳተመ። ምስጢር አልነበረም። የተቆለፈበት መሳቢያ አልነበረም። ጮክ ብለው ነገሩን። ያነበበ ማን ነው? አንብቦስ ወደ ኤረር ቆላ ዞሮ ያየ ማን ነው?

በእነዚያው ዓመታት እኛ ምን ላይ ነበርን? ይህን ጥያቄ መሸሽ የለብንም።

ተክል ከውጭ ማምጣት ከብዶን አልነበረም። በዚያው በ1970ዎቹ ድሬዳዋ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ እሾሃማ ዛፍ ተተከለ። ፕሮሶፒስ ነው። ለጥላ፣ ለማገዶ፣ አሸዋ ለማቆም ተብሎ በመልካም ሐሳብ ገባ። ፍሬውን ፍየልና ግመል እየበሉ በየመንገዱ ዘሩት። ዛሬ ከድሬዳዋ ቆላ እስከ አፋር ሜዳ ድረስ የግጦሹን መሬት በእሾህ ዘግቶ እናገኘዋለን። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ችግኝ ጣቢያ ነበረን። ውኃ የሚያጠጣ ሠራተኛ ነበረን። የባሕር ማዶ ዘር የሚያስመጣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነበረን። የጎደለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን እንደምናመጣ መምረጥ። የመረጥነው እሾህ ሆነ። ያልመረጥነው አረም ሆነ። ጎማ የምትሰጠው ከሁለቱም አልሆነችም።

ደግሞ ዓለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ፣ እዚያው ነበር። ከኤረር የአንድ ቀን መንገድ እንኳ የማይርቅ የግብርና ኮሌጅ። ማን አቋቋመው? እ.ኤ.አ. በ1952 በተደረገ ስምምነት የኦክላሆማ ሰዎች ናቸው ከእኛ ጋር ያቋቋሙት። ኦክላሆማ የቴክሳስ ጎረቤት ናት። ቴክሳስ ደግሞ ጓዩሌ ከሜክሲኮ ውጭ በራሷ ጊዜ የምትበቅልባት ምድር ናት። ዘሩን የሚያውቁ፣ ማሳው ሲቃጠል የሰሙ ወይም ያዩ ባለሙያዎች ካሉበት አገር የመጡ መምህራን ዓለማያ ላይ ለዓመታት አስተማሩ። የእኛ ልጆች እነርሱ ዘንድ ሄደው ዲግሪ ተቀበሉ። በሻንጣቸው ብዙ መጻሕፍት ይዘው ተመለሱ። አንድ ከረጢት ዘር ምን ያህል ይከብዳል?

ጦርነት ነበር ይባላል። አዎ፣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ክረምት ድሬዳዋ ተደበደበች። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች። በ1978 መጋቢት እስክትመለስ ድረስ ስንቱ ቀየውን ጥሎ ተሰደደ። በዚያ ዓመት ቁጥቋጦ አልተከላችሁም ብሎ ማንም ሊወቅሰን አይችልም። በዚያ ዓመት። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታትስ? ከዚያ በኋላስ? ጦርነቱ ወራት ነበር። ስንፍናችን ግን ግማሽ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ወራቱን ለግማሽ መቶ ዓመት ምክንያት ማድረግ አይገባም። ያ ዘመን ያለፈባቸው ሽማግሌዎች አይቀበሉንም።

አሁን ደግሞ የሚብሰውን እናንሣ። ጎማ ፈላጊ ባንሆን ኖሮ ነገሩ የዕፅዋት ሊቃውንት ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። እኛ ግን የጎማ ፋብሪካ ነበረን! አዲስ ጎማ እ.ኤ.አ. በ1972 ተቋቋመ። በአፍሪካ ስንት አገር በዚያ ዘመን የራሱ የመኪና ጎማ ፋብሪካ ነበረው? እኛ ነበረን። ጎማውን የሚያሞቅ ማሽን፣ ሙያውን የተማረ ሠራተኛ ነበረን። ጥሬው ጎማ ግን ከሌላ ሰው ዛፍ ደምቶ፣ በሌላ ሰው መርከብ ተጭኖ ይመጣ ነበር። ፋብሪካው መንግሥት አለፈበት፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የስሎቫኪያው ማታዶር ድርሻ ገዝቶ ገባ፤ በኋላም ሆራይዘን የተባለ ኩባንያ ያዘው። ባለቤት ተለዋወጠ፣ ስም ተለዋወጠ። አንድ ነገር አልተለወጠም። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ጥሬው ጎማ ይጠፋል፤ ጥሬው ጎማ ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። ፋብሪካ ከማቆማችን በፊት፣ ወይም በዚያው ዓመት፣ ዛፉን መትከል ለምን አልታሰበንም?

ቆላማው ምሥራቅ የጎማ ዛፍ አያበቅልም፤ እውነት ነው። ትልቁ የብራዚል የጎማ ዛፍ ሙቀትና ብዙ ዝናብ ይፈልጋል። ያ ደግሞ ደቡብ ምዕራባችን ላይ ሞልቷል። በቤንች ምድር፣ ጉራፈርዳ ላይ መንግሥት ዛፉን ማልማት ጀምሯል። መቼ? ፋብሪካው ከተቋቋመ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ። የጎማ ዛፍ ተተክሎ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪበጣ ድረስ ስድስትና ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ለሃያ አምስትና ለሠላሳ ዓመት ወተቱን ይሰጣል። ሰባት ዓመት! እ.ኤ.አ. በ1972 ብንተክል በ1979 እንበጣ ነበር። በ1972 የተተከለ ዛፍ ወተቱን ጨርሶ ካረጀ በኋላ፣ ተቆርጦ ጣውላ ከሆነ በኋላ፣ በቦታው ሁለተኛ ትውልድ ዛፍ ከቆመ በኋላ እንኳ እኛ ስለ መጀመሪያው ትውልድ እንነጋገራለን። ሰባት ዓመት ረዘመብን። ስንት ሰባት ዓመት እንዳለፈ ቁጠሩት።

የጎማ ታሪካችንም ከዚያ የቀደመ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ላይ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የዱር ጎማ ለመሰብሰብ ለውጭ ሰዎች ፈቃድ ተሰጥቶ ነበር። ሀሲብ ኢድሊቢ የተባለው ሶርያዊ ነጋዴ ወደ አገራችን የመጣው በዚሁ የጎማ ሥራ ነው። መቶ ዓመት አልፎታል። ሌሎች ከዚያም ቀደም ብለው ምን ያደርጉ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1876 ሄንሪ ዊካም የተባለ እንግሊዛዊ 70 ሺህ የጎማ ፍሬ ከብራዚል አወጣ። ለንደን ኪው አትክልት ሥፍራ ተዘርቶ የበቀለው ከሦስት ሺህ አይበልጥም። በማግስቱ ዓመት ሲንጋፖር የደረሱት ችግኞች 22 ነበሩ። ሃያ ሁለት ችግኝ! ሄንሪ ሪድሊ የሚባል የአትክልት ሰው ዛፉን ሳይገድሉ በየጊዜው መበጣት እንደሚቻል አሳየ። ሰዎች አብዷል አሉት። በየኪሱ ፍሬ ይዞ እየዞረ ትከሉ፣ ትከሉ ይል ነበር። ከእነዚያ ችግኞች የማላያ ሀብት ወጣ። ዛሬ የዓለም የተፈጥሮ ጎማ አብዛኛው ከእስያ ነው የሚመጣው። በአፍሪካ ደግሞ ኮትዲቯር በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ታመርታለች። የሚተክሉትም በአብዛኛው አነስተኛ መሬት ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። ኮትዲቯር ከእኛ የተለየ ፀሐይ አላት? ዛፉ እኮ ለእርሷም እንግዳ ነበር። ተከለችው። ጠበቀችው። አገኘች።

የተከለ አገኘ። እኛ ቆመን አየን።

ወደ ኤረር እንመለስ። የዓለም ጎማ በአንድ ዛፍ ላይ፣ በአንድ አካባቢ ላይ መንጠልጠሉ ያስፈራቸው ሰዎች ፊታቸውን ወደ ደረቅ መሬት ያዞሩት አሁን ነው። ምክንያት አላቸው። በደቡብ አሜሪካ የጎማውን ዛፍ ቅጠሉን የሚያራግፍ የፈንገስ በሽታ አለ። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1928 አማዞን ውስጥ የጀመረውን ግዙፍ የጎማ እርሻ ያከሸፉት ነገሮች ብዙ ቢሆኑም አንዱ ይህ በሽታ ነው። ያ በሽታ እስያ የገባ ቀን የዓለም መኪና፣ አውሮፕላን፣ ሆስፒታል ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የጎማ አምራቹ ብሪጅስቶን አሪዞና በረሃ ላይ እርሻ ከፍቶ ጓዩሌን ተከለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሜሳ በምትባል ከተማ የምርምርና የማምረቻ ማዕከል አቆመ። በቀጣዩ ዓመት ጎማው ሙሉ በሙሉ ከጓዩሌ የሆነ የመጀመሪያውን የመኪና እግር አሳየ። በ2022 የአሜሪካ የእሽቅድምድም መኪኖች የጓዩሌ ጎማ ያለበትን እግር አጥልቀው ሮጡ። ሌላው የጎማ አምራች ኮንቲኔንታል ደግሞ ከሩሲያ ዳንዴሊየን ሥር ጎማ አውጥቶ የብስክሌት እግር ለገበያ አቅርቧል። ሌሎች እንግዲህ ከአበባ ሥር ጎማ ይቆፍራሉ።

ጓዩሌ የምትፈልገው ምን ዓይነት ምድር ነው? ውኃ የማይቋጥር አፈር፣ ብዙ ፀሐይ፣ ትንሽ ዝናብ። ይህን ሲያነብ የኤረርና የጎታ ሰው አገሩን አያውቅም? የተክሏ የመጀመሪያ አጨዳ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከላይ ሲያጭዷት ከሥሯ ታቆጠቁጣለች። እርግጥ አንድ ነገር አለ፤ ጎማውን አብዝታ የምታጠራቅመው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። ኤረር ሞቃት ናት፤ ፍል ውኃዋና ብርቱካኗ ይመሰክሩላታል። ምናልባት ኤረር ላይ በደንብ ትበቅልና ጎማዋ ይቀንስ ይሆናል። ምናልባት የጅግጅጋ ደጋማ ሜዳ፣ ሌሊቱ የሚያንቀጠቅጠው፣ ለእርሷ የተሻለ ቤት ይሆን ነበር። ይህን የሚነግረን ሙከራ ነው። አንድ ጋሻ መሬት አይጠይቅም። አንድ የታጠረ ማሳ ኤረር ላይ፣ አንድ ጅግጅጋ ላይ፣ አንድ ባቢሌ ላይ፣ ሦስት ዓመት ትዕግሥት። በእነዚህ ሃምሳ ዓመታት ውስጥ ሦስት ዓመት ጠፍቶ ነው? ያቃተን እርሱ ነው?

ከእንግዳው ተክል በፊት ደግሞ የገዛ ደጃችን አለ። በየአጥራችን ቅንጭብ ቆሟል። ቅርንጫፉ ሲሰበር ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ዓይን ያጠፋል ብለን ልጆቻችንን እናስጠነቅቃለን። በየወንዙ አሸዋ ላይ ጦቢያ የሚሏት ባለ ሰፊ ቅጠል ቁጥቋጦ አለች፤ እርሷም ወተታም ናት። በየኮረብታው ቁልቋል አለ። ጣሊያኖች እንኳ በወረራቸው ዘመን ከቁልቋላችን ወተት ነዳጅ የማውጣት ሐሳብ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የኬሚስትሪ ሊቅ ሜልቪን ካልቪን በ1970ዎቹ ቅንጭብን ነዳጅ ሰጪ ተክል አድርጎ ሲያጠና ነበር። የእኛን አጥር አንድ የካሊፎርኒያ ፕሮፌሰር ቁም ነገር ብሎ ሲይዘው እኛ ፍየል እንዳይገባ ብቻ ተጠቀምንበት። ቶማስ ኤዲሰን ሰማንያ ዓመቱ ላይ፣ በ1927፣ ለአሜሪካ የሚሆን የጎማ ተክል ፍለጋ ተነሣ። ሊሞት አራት ዓመት ሲቀረው። ከ17 ሺህ በላይ የተክል ናሙና አስመረመረ። አንድ ሽማግሌ! እኛስ? የምንጠብቀው ጥናት ከየት ሊመጣ ነው? ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ይደረድራሉ? ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ በአጥራችን ወተት ላይ ነው?

ጎማ ምን ያደርግልናል የሚል ካለ ዙሪያውን ይይ። የኤረር ባጃጅ በምን ይሄዳል? አህያ የሚጎትተው ጋሪ በምን ይሽከረከራል? ጫት ጭኖ ድንበር ላይ ወዳለችው ውጫሌ የሚበረው መኪና በየስንት ጊዜው ጎሚስታ ቤት ይቆማል? አርብቶ አደሩ ከኤላ ውኃ የሚቀዳው ከአሮጌ ጎማ በተሰፋ መቅጃ ነው። ገበሬው የሚጫማው በረባሶ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ነው። ጎማ አልቆ እንኳ አናስቀረውም፤ ሕይወታችን ነውና። የከባድ መኪና እግር ከትንሿ መኪና ይልቅ የተፈጥሮ ጎማ ይበዛበታል፤ ሸክሙንና ግለቱን የሚችለው እርሱ ስለሆነ። የአውሮፕላን እግር ደግሞ በአመዛኙ በተፈጥሮ ጎማ ላይ የቆመ ነው። ኩራታችን የሆነው አየር መንገድ ቦሌ ላይ ባረፈ ቁጥር አስፋልቱን የሚነካው የሌላ አገር ገበሬ የበጣው ጎማ ነው። በአፍሪካ ትልቁን አየር መንገድ መገንባት የቻለ ሕዝብ ቁጥቋጦ መትከል አልቻለም ቢባል ማን ያምናል? ችለን ነበር። ግድ አልሰጠንም።

ጓንቱስ? እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ ዓለም ጓንት ፍለጋ ተሻማ። ዋናዋ አምራች ማሌዥያ ነበረች፤ እነዚያ 22 ችግኞች በተስፋፉበት ምድር ያለች አገር። ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራ ጓንት አንዳንዱን ሐኪምና በሽተኛ አለርጂ ያስይዛል፤ ጥፋቱ በወተቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው። የጓዩሌ ወተት ያ ፕሮቲን የለበትም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከጓዩሌ የተሠራ የሕክምና ጓንት ፈቅዷል። ይኸ ማለት ምንድን ነው? በኤረር ወይም በጅግጅጋ ዳር የሚታጨድ ቁጥቋጦ በዓለም ገበያ ከተራው ጎማ የተሻለ ዋጋ ሊያወጣ ይችል ነበር ማለት ነው። ለአዋላጅ ነርሷ ጓንት፣ ለልጁ ሥራ፣ ድርቅ ከብቱን ለጨረሰበት አርብቶ አደር ሁለተኛ መተዳደሪያ። ድርቅ በመጣ ቁጥር ግመልና ፍየሉ ሲያልቅ እጃችንን ወደ እርዳታ እህል እንዘረጋለን። ያ እህል አንድ ጊዜ አረም ይዞልን መጣ። ያ አረም እንጀራ የምትሆን የወገን ልጅ እንዳለችው እንኳ ሳንጠይቅ ቀረን!

ሐዲዱም ነበረን። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ኤረር መንገዱ ላይ ነበረች። ብርቱካኗን ጭናበታለች። ከወደብ ጋር በብረት የታሰረ ቆላ በኢትዮጵያ ስንት አለ? ጎማ ተመርቶ ሐዲድ ያጣበት አገር ብዙ ነው። እኛ ሐዲድ ይዘን የሚጫነውን አጣን። ዛሬ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በዚያው ቆላ ያልፋል፤ የውጭ ጎማ ተሸክሞ ወደ ላይ፣ ፉርጎው ቀልሎ ወደ ታች። ማን አደረገው? ቅኝ ገዥ አላደረገውም። ፈጣሪ አልከለከለንም። መሬቱ አልከዳንም። እኛ ነን። ባለሥልጣኑ ነው፣ ምሁሩ ነው፣ ነጋዴው ነው፣ ከእኛ ማን ንጹሕ አለ? ነጋዴው ያለቀለት ጎማ ከውጫሌ አስገብቶ መሸጥ ቀለለው። ምሁሩ ፋረምሲሳን እንዴት እናጥፋ ብሎ ጻፈ፤ መጻፉ ደግ ነው፤ ስለ እህቲቱ ግን ዝም አለ። ባለሥልጣኑ የውጭ ምንዛሪ እጥረት አለ እያለ በየመድረኩ ተናገረ። እኛም አጨበጨብን። ዶላር የምታመጣ ቁጥቋጦ ግን ማን ለመነ?

ከዚህ በኋላ ሊባል የሚችል አንድ ነገር አለ፤ ለሐረማያና ለጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። የጓዩሌ ዘር በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የዘር ማከማቻ፣ ካሊፎርኒያ ፓርሊየር ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ለምርምር ለሚጠይቅ ተቋም ይሰጣል። ጠይቁ። ፕሮሶፒስ ያደረሰብንን ሁላችንም አይተናልና በተከለለ ማሳ፣ በኳራንቲን ሕግ፣ ከግመልና ከፍየል አፍ ርቆ ይዘራ። ከቅንጭቡና ከጦቢያውም ወተት ወስዳችሁ በላቦራቶሪያችሁ ጎማውን ለኩ። የኤረር ሽማግሌዎችም ለሙከራው ሁለት ሄክታር አጥሮ ስለ መስጠት ይነጋገሩ። በዚህ ክረምት የተዘራ ጓዩሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታጨደው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።